ለውሻ የሚያነብ ልጅ፦ እንዴት እንደምታስጀምሩት

ልጄ ሁለተኛ ክፍል እያለ ጮክ ብሎ ማንበብ ተወ። መጽሐፍ አልጠላም። ጥግ ይዞ በዓይኑ ያነባል፣ ሥዕሉን ያያል፣ ገጽ ይገልጣል። ድምፁን ማሰማት ነው የተወው። ክፍል ውስጥ ተነስቶ እያነበበ አንድ ቃል ላይ ተደናቀፈ፣ ልጆቹ ሳቁበት፣ በቃ። ከዚያ ወዲያ «እስቲ አንብብልኝ» ባልኩት ቁጥር ወይ ሆዱን ያመዋል፣ ወይ ውሃ ይጠማዋል፣ ወይ ሽንቱ ይመጣል። እንደምንም ከተቀመጠም ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣና ከእያንዳንዱ ቃል በኋላ ቀና ብሎ ያየኛል። ከመጽሐፉ ይልቅ የኔን ፊት ነበር የሚያነበው።

እኔም አላገዝኩትም። የማስተምረው እየመሰለኝ ቃሉን ሳይጨርስ እቀድመው ነበር። እሱ «ተመ... ተመለ...» ሲል እኔ «ተመለከተ!» እላለሁ። ዝም ይላል። «ቀጥል» እለዋለሁ። እንዲህ እየተባባልን አንድ ገጽ ለመጨረስ ምሽቱ ያልቅብን ነበር፣ መጨረሻውም ብዙ ጊዜ ለቅሶ ነው።

ለውሻ ማንበብ የሚባለውን ነገር የሞከርነው ያኔ ነው። አሁን ሁለት ዓመት ሆኖናል። እንዴት እንደሚጀመር፣ ምን እንደሚያስፈልግና እኛ የት የት ላይ እንደተሳሳትን ልንገራችሁ፣ የኛን ስህተት እንዳትደግሙት።

ነገሩ ከየት መጣ?

ሐሳቡ ቆየት ያለ ነው። ቦሪስ ሌቪንሰን የሚባል የኒውዮርክ የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር። ከሰው ጋር መነጋገር የሚከብዳቸው ልጆች ውሻው ጂንግልስ አጠገባቸው ሲሆን እንደሚቀላቸው አስተዋለና እ.ኤ.አ. በ1962 ጽፎ አሳተመው። ለንባብ ብሎ በመርሐ ግብር ያደራጀው ደግሞ ኢንተርማውንቴን ቴራፒ አኒማልስ የሚባል የአሜሪካ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በዩታ ግዛት፣ ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ ውሾችንና ባለቤቶቻቸውን አዘጋጅቶ ወደ ቤተ መጻሕፍት ወሰዳቸው። ልጆች መሬት ላይ ከውሾቹ ጎን ተቀምጠው አነበቡላቸው። ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቶች ገባ፣ አሁን በብዙ አገሮች ይሠራበታል።

ለምን ይሠራል? ጮክ ብሎ ማንበብ ለጀማሪ ልጅ ከባድ ሥራ ነው። ዓይኑ ፊደሉን ይለያል፣ አፉ ድምፁን ያወጣል፣ አእምሮው ደግሞ ድምፆቹን አገጣጥሞ ትርጉም ይፈልጋል፤ ይሄ ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው። በዚህ ላይ «ይስቁብኝ ይሆን?» የሚል ፍርሃት ሲጨመርበት ለንባቡ የሚተርፍ ቀልብ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1983 ኤሪካ ፍሪድማንና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት ልጆች ጮክ ብለው ሲያነቡ የደም ግፊታቸው ተለክቶ ነበር። ማንበቡ ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል። ክፍሉ ውስጥ ውሻ ሲኖር ግን ዝቅ ይላል። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ 17 ልጆችን ከበድ ያለ ጽሑፍ አስነበቡ፤ አንዴ ከውሻ ጋር፣ አንዴ ያለ ውሻ። ውሻ አጠገባቸው ሲሆን ቢከብዳቸውም ሳይተዉት ረዘም ላለ ጊዜ አነበቡ።

ጥናቶቹ ትንንሾች እንደሆኑ ግን እወቁ። እ.ኤ.አ. በ2016 እስከዚያ የወጡትን ሰብስቦ የመረመረ ግምገማ ውጤቱ ተስፋ ሰጪ እንደሆነ፣ የብዙዎቹ ጥናቶች አሠራር ግን ደካማ እንደነበር ገልጿል። ስለዚህ ውሻ ፊደል ያስቆጥርልኛል ብላችሁ አትጠብቁ። ፊደል ያልለየ ልጅ ውሻ አጠገብ ስለተቀመጠ አይለይም። መጽሐፉን አፍንጫው ላይ አስጠግቶ የሚያነብ ልጅ ካለም መጀመሪያ ዓይኑን አስመርምሩት። የሚጠቀመው ፊደሉን የለየ፣ ቃል መገጣጠም የጀመረ፣ ግን ድምፁን ማሰማት የሚፈራ ልጅ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ የቸገረው መለማመጃ ቦታ ነው። ውሻ ፊት መሳሳት ይቻላል። ውሻ አያርምም፣ አይስቅም፣ ሰዓት አያይም፣ ለማንም አይናገርም።

ውሻችሁ ይሆናል ወይ?

ሁሉም ውሻ ለዚህ አይሆንም። ቡችላ አይሆንም፤ መጽሐፉን ያኝካል፣ ልጁም ንባቡን ትቶ ይጫወታል። ቀኑን ሙሉ ታስሮ ውሎ አላፊ አግዳሚው ላይ የሚጮህ የጥበቃ ውሻም አይሆንም፣ የለመደው ሥራ ሌላ ነውና አትፍረዱበት። የምትፈልጉት ዕድሜው ጠና ያለ፣ ረጋ ያለ፣ ልጅ አጠገቡ ሲንቀሳቀስ የማይደነግጥ፣ ሰው ሲቀመጥ አብሮ ጋደም የሚል ውሻ ነው። ዝርያው ያን ያህል አያሳስባችሁ። የኛዋ ቡቺ ዘሯ በውል የማይታወቅ፣ ዘጠኝ ዓመት የሞላት፣ ከመሮጥ መተኛት የምትወድ ውሻ ናት፤ ለዚህ ሥራ ከሷ የተሻለ አላውቅም።

ልጁን ከማምጣታችሁ በፊት ራሳችሁ ሞክሩት። መሬት ላይ ተቀመጡና አሥር ደቂቃ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ይተኛል? ይሄዳል? እጃችሁን ሊነክስ ይቃጣዋል? መጽሐፉን ጣሉት፣ ገጹን በኃይል ግለጡት፣ ድምፃችሁን ከፍ ዝቅ አድርጉት። ልጅ ሲያነብ ይሄ ሁሉ ይመጣል።

ጤናውን በአጭሩ ልበል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ጊዜው ያላለፈ ይሁን። የትላትል መድኃኒት ይውሰድ፣ ቁንጫ አይኑርበት። የእንስሳት ሐኪም አንዴ ቢያየው ጥሩ ነው። አስም ወይም አለርጂ ያለበት ልጅ ከሆነ አስቀድማችሁ ሐኪሙን አማክሩ። ከንባብ በኋላ እጅ በሳሙና መታጠብ እንደ ደንብ ይለመድ። የማንም ውሻ ቢነክስ ወይም ቢቧጭር ደግሞ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ አጥባችሁ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። «ትንሽ ጭረት ናት» ተብሎ አይታለፍም።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚዘለው ነገር ልምጣ። ውሻ ከመናከሱ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ይናገራል። ንግግሩ በሰውነቱ ስለሆነ እኛ አንሰማውም እንጂ። እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል። የሚበላ ነገር ሳይኖር ከንፈሩንና አፍንጫውን ይልሳል። ፊቱን ከልጁ ያዞራል። ጭንቅላቱን ሳያንቀሳቅስ በጎን ሲያይ የዓይኑ ነጭ ይታያል። ጆሮውን ወደ ኋላ ይለጥፋል፣ ጭራውን እግሮቹ መሀል ይወሽቃል። ከሁሉም የሚያሰጋው ድርቅ ማለቱ ነው፤ ሲያለከልክ የነበረ ውሻ ድንገት አፉን ዘግቶ እንደ ድንጋይ ከደረቀ ልጁን ቀስ ብላችሁ ራቅ አድርጉ። ጭራውን ቆላ ማለትም ሁልጊዜ ደስ ብሎታል ማለት አይደለም። ሰውነቱ ሁሉ ላላ ብሎ ከወገቡ ጀምሮ የሚወዛወዝ ውሻ ደስ ብሎታል። ሰውነቱ ደርቆ ጭራው ብቻ ቀጥ ብሎ የሚንቀጠቀጥ ውሻ ግን ሌላ ነገር እየነገራችሁ ነው።

ቢያጉረመርም አትቆጡት። አውቃለሁ፣ ልጅ ላይ ሲያጉረመርም ደም ያፈላል። ግን ማጉረምረም «በቃኝ» ማለቱ ነው። በዚያ ምክንያት የሚመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተውና በሚቀጥለው ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ይናከሳል። ልጁን አርቁ፣ የዕለቱን ንባብ ዝጉ፣ ያ ውሻ ለዚህ ሥራ ይሆናል ወይ ብላችሁም እንደገና አስቡበት።

ልጆችን በብዛት የሚነክሰው የሚያውቁት ውሻ ነው፣ የቤት ወይም የጎረቤት። ቁመታቸው አጭር ስለሆነ ደግሞ ትንንሾቹ የሚነከሱት ፊታቸውን ነው። ስለዚህ የቱንም ያህል የዋህ ውሻ ቢሆን ልጅና ውሻ ብቻቸውን አይተዉም። እጃችሁ ሲዘረጋ የሚደርስበት ቦታ ሁኑ።

ለልጁ የሚነገሩ ነገሮች

ብዙ ሕግ አትደርድሩበት። ለልጄ የነገርኩት አራት ነገር ነው። ከጎኗ ትቀመጣለህ እንጂ ፊት ለፊቷ አትቀመጥም። አታቅፋትም፤ እኛ ማቀፍ እንወዳለን፣ ውሻ ግን ሲታቀፍ የተያዘ ይመስለዋል። መዳበስ ከፈለግህ ደረቷን ወይም ትከሻዋን ነው፣ አናቷን አይደለም። አራተኛው፦ መሄድ ከፈለገች ትሄዳለች።

ውሻ የሚፈራ ልጅ ካላችሁ አታስገድዱት። «ምንም አያደርግህም» ብሎ መጎተት ፍርሃቱን ያባብሰዋል። ክፍሉ ማዶ ይቀመጥ፣ ውሻው ወዲህ በባለቤቱ ተይዞ ይተኛ። ልጁ ካለበት ሆኖ ያንብብ። በየቀኑ አንድ እርምጃ ልቅረብ ካለ ይቅረብ፣ አልቀርብም ካለም የተነበበው ተነቧል። ጨርሶ የማይፈልግ ልጅ ከሆነ ይቅር፤ ሌላ መንገድ አለ፣ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

የመጀመሪያው ቀን

የኛ የመጀመሪያ ቀን ተበላሸ። ቡቺ ቤት ተዘግቶባት ውላለች። ልጄ ከትምህርት ቤት እንደገባ ምንጣፍ ላይ አስቀመጥኳቸውና «በል ጀምር» አልኩት። ሦስት ዓረፍተ ነገር እንዳነበበ ቡቺ ተነስታ ወደ በሩ ሄደች። ልጄ መጽሐፉን ዘጋው። «አየሽ እማዬ፣ ማንበብ ስለማልችል ነው የሄደችው» አለኝ። ያን ቀን ድጋሚ አልከፈተውም።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ሁለት ነገር ሳላደርግ ነው የጀመርኩት። አንደኛ፣ ቡቺ መጀመሪያ መውጣት ነበረባት። ውሻ ከንባብ በፊት ደህና አድርጎ መራመድ፣ መሽናት፣ ውሃ መጠጣት አለበት። ደከም ያለ ውሻ ተኝቶ ያዳምጣል። ሁለተኛ፣ ለልጁ አስቀድሜ አልነገርኩትም። ውሻ ሲሞቀው ይነሳል፣ ሲጠማው ይነሳል፣ ውጪ ድምፅ ሲሰማም ይነሳል። ይሄን ከመጀመሪያው የሰማ ልጅ ውሻው ሲሄድ ይስቃል፤ ያልሰማው ግን በራሱ ያሳብባል። ከተበላሸ በኋላ ማስረዳት ከባድ እንደሆነ አይቻለሁ። ሳምንት ሙሉ ለመንኩት።

እንዳትሄድ ብላችሁ ደግሞ አትሰሯት። መውጫ ያላት ውሻ ናት ተረጋግታ የምትተኛው።

በሁለተኛው ሙከራ አንድ ምንጣፍ ለንባብ ብቻ ለየን። ሌላ ጊዜ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ሲዘረጋ የንባብ ሰዓት ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ቡቺ ምንጣፉ ሲዘረጋ ራሷ መጥታ መተኛት ጀመረች። ልጄ ይህን ሲያይ «እየጠበቀችኝ ነው» አለ። እኔ ካልኩት ሁሉ ይህ ነው የሠራው።

ጊዜው አጭር ይሁን። በአሥር ደቂቃ ጀምሩ፣ ከ20 ደቂቃ አታስበልጡት። «ትንሽ ልጨምር» እያለ ቢቆም ይሻላል። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይበቃል፣ ግን ሰዓቱ አይቀያየር። ቴሌቪዥን ይጥፋ፣ ስልካችሁም ይራቅ፤ ቪዲዮ አትቅረጹት። ካሜራ ካለ ተመልካች አለ፣ ተመልካች ካለ ደግሞ ያ ትከሻ ተመልሶ ይወጣል።

እናንተ ጭጭ በሉ

የሁሉም ነገር ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ለኔ የከበደኝም ይኸው ነው። ውሻው ያለ ምንም ሥልጠና የሚያደርገውን እኛ ትልልቆቹ ተለማምደን ማድረግ አለብን፦ አለማረም። ውሻው ዝም ብሎ እናንተ ከጀርባ «እእ፣ እንደሱ አይደለም» የምትሉ ከሆነ ልጁ ለውሻ እያነበበ አይደለም፣ ለናንተ ነው የሚያነበው።

አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ልብስ አጣጥፋለሁ። እሱ ጀርባውን ለሶፋው ሰጥቶ ተቀምጧል፣ ቡቺ ጭንቅላቷን ጉልበቱ አጠገብ አሳርፋለች። ጣቱን ከመስመሩ ሥር እያስኬደ ያነባል። «ሰፊው መንገድ ላይ ቆመ» የሚል መጣ። እሱ «ሰፊ»ን አጥብቆ አነበበው፤ መንገዱ ሰፊ ነው እንደማለት። ታሪኩ ግን ስለ ልብስ ሰፊ ነው፣ ላልቶ ነው የሚነበበው። የኛ ጽሕፈት ማጥበቅና ማላላቱን አያሳይም፣ አንባቢው ከሐሳቡ ነው የሚያገኘው። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የያዝኩትን ሸሚዝ ጨብጬ ዝም አልኩ።

ቀጠለ። «መርፌና ክር በእጁ ይዟል።» ቆመ። ጣቱ ወደ ኋላ ሄደ። አሁንም ቆየ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፣ ለኔ ረጅም ነበር። ቡቺ በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ ልጄ ቀስ ብሎ «ሰፊው... መንገድ ላይ ቆመ» አለ፣ ላላ አድርጎ። ዝቅ ብሎም «ልብስ የሚሰፋው ሰውዬ ነው እኮ» አላት። ቀጥሎ እስከ ገጹ መጨረሻ ሳይቆም ሄደ።

እኔ ቀድሜው ብናገር ኖሮ ቃሉን ያገኘው ነበር። ተመልሶ መፈለጉን ግን አይማርም ነበር። ጥሩ አንባቢ የሚያደርገው ይሄንኑ ነው፦ ሐሳቡ አልገጥም ሲለው ቆም ይላል፣ ይመለሳል፣ ያስተካክላል። ለዚያ ጊዜ ይፈልጋል። ያንን ጊዜ ለልጄ የሰጠችው ቡቺ ናት፤ እኔ ስቀማው ነበር የኖርኩት።

ታዲያ ሲቸገር ዝም ብሎ ይታያል ወይ? አይደለም። ራሱ ዞሮ ከጠየቃችሁ ንገሩት፣ አጭር አድርጋችሁ፣ ያለ ትምህርት። ካልጠየቀና ታሪኩን ሳይገባው እያለፈ ከሆነ ደግሞ በውሻው በኩል መናገር ይቻላል። በእነዚያ የንባብ መርሐ ግብሮች ውስጥ ያሉ የውሻ ባለቤቶች የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው። «ቡቺ ይሄ ቃል አልገባትም መሰለኝ፣ እስቲ አስረዳት።» «ቡቺ ልጅቷ ለምን እንደተደበቀች ማወቅ ፈልጋለች።» ልጁ የሚያውቅ፣ ውሻዋ የምትማር ይሆናሉ። ሁልጊዜ ተማሪ የነበረ ልጅ አንዴ አስተማሪ ሲሆን ድምፁ ይለወጣል፤ ስትሰሙት ታውቁታላችሁ። ካላወቀው «በል አብረን እንየውና ለቡቺ እንንገራት» ትሉታላችሁ። አላወቅህም የተባለ ሰው የለም።

ግን አታብዙት። በአንድ ንባብ አንዴ ወይ ሁለቴ ይበቃል።

ማሞገሱም እንደዚሁ ነው። «ጎበዝ! ጎበዝ!» በየመስመሩ ሲባል ያው መመዘን ነው፣ ጎበዝ ሳይባል ያለፈውን መስመር ልጁ ያስተውላል። ሲጨርስ «ቡቺ ተረጋግታ ተኛች አይደል? ድምፅህ ተስማምቷታል» ብትሉት ይበልጣል።

ምን ያንብብ?

ልጁ ይምረጥ። ለክፍሉ «ያንሳል» የምትሉትን ቢያመጣም ተዉት። ቀለል ያለ መጽሐፍ ልክ ነው፣ ዓላማው ድምፁን ማስፈታት ነውና። መለኪያ ከፈለጋችሁ አንድ ገጽ ሲያነብ በሚደናቀፍበት ቃል ሁሉ አንድ ጣት ይጠፍ፤ አምስቱም ጣት ከታጠፈ መጽሐፉ ለጊዜው ከብዷል። ሥዕል ያለው ይመረጣል፣ ሥዕሉን ለውሻው ማሳየት ይወዳሉ።

ያንኑ መጽሐፍ ደጋግሞ ቢያነብ «ኧረ ይሄን ጨርሰኸዋል» አትበሉት። አንድን አጭር ጽሑፍ ደጋግሞ ማንበብ ንባብን እንደሚያቀላጥፍ ጄይ ሳሙኤልስ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ጽፎ፣ ዛሬም መምህራን ይጠቀሙበታል። ችግሩ ያንኑ ገጽ አምስት ጊዜ የሚሰማ ሰው ማግኘት ነው። ሰው ይሰለቻል፣ ፊቱ ላይም ይታወቅበታል። ቡቺ አንዱን የዝንጀሮ ታሪክ ቢያንስ ሃያ ጊዜ ሰምታዋለች። በመጨረሻ ልጄ የዝንጀሮውን በቀጭን፣ የአንበሳውን በወፍራም ድምፅ ማንበብ ጀምሮ ነበር። ክፍል ውስጥ አንገቱን ደፍቶ የነበረው ልጅ ማለት ነው።

ውሻ ከሌላችሁ

የዘመድ ወይም የጎረቤት ውሻ ይሆናል፤ ባለቤቱ እዚያው እስካለና ከላይ ያልኩት ሁሉ እስከተሟላ ድረስ። የመንገድ ውሻ ግን በፍጹም አይሆንም፣ የቱንም ያህል ቢለማመድ።

ድመትም ታዳምጣለች፣ ደስ ሲላት። ውሻ የሚፈራ ወይም አለርጂ ያለበት ልጅ ደግሞ ለአሻንጉሊት ያንብብ። ሕያው እንስሳ የሚሰጠው ትንፋሽና ሙቀት የለውም፣ የማያርም አድማጭ መሆኑ ግን አልቀረም።

ከመስታወት ወይም ከአጥር ባሻገርም ይቻላል። በአሜሪካ የሚዙሪ ሂዩማን ሶሳይቲ የሚባለው የእንስሳት ድርጅት ባለቤት አልባ ውሾች በሚጠለሉበት ቦታ ልጆች ከውሻው ክፍል ፊት መሬት ላይ ተቀምጠው እንዲያነቡ ያደርጋል። የሚመረጡት ዓይን አፋር፣ የፈሩ ውሾች ናቸው። ልጁ ትክ ብሎ አያያቸውም፣ ዝም ብሎ ያነባል። ውሻው ከጥጉ ወጥቶ ሲቀርብ የሚቀመስ ነገር ይሰጠዋል። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ ሁለቱም ፈሪዎች ናቸው፣ ሁለቱም በራሳቸው ጊዜ ይቀርባሉ። አካባቢያችሁ እንዲህ ያለ መጠለያ ካለ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ከውሻው ወደ ሰው

መቼ ነው ሰው ፊት የሚያነበው? ቀን አትቁረጡለት። በኛ ቤት ሦስት ወር ገደማ ወስዷል፤ በሌላ ቤት ያነሰ ወይም የበለጠ ሊሆን ይችላል። ምልክቶቹን ግን ታያላችሁ። ድምፁ ከፍ ይላል። ሲሳሳት ዞሮ አያያችሁም። «ይሄን ስሚው» ብሎ አንድ መስመር ከመሀል ያነብላችኋል። ያኔ ስሙና ሳቁ፣ «እንግዲህ ለኔም ሙሉውን አንብብልኝ» ግን አትበሉ። እሱ ራሱ ይጋብዛችሁ። እኛ ቤት መጀመሪያ የተጋበዘችው ታናሽ እህቱ ናት፣ ቀጥሎ አክስቱ፣ እኔ መጨረሻ ላይ። አልቀየምኩም፣ ያረምኩት እኔ ነኝ።

ለክፍሉ መምህር ንገሩ። ብዙ መምህራን ከተነገራቸው ይተባበራሉ። የምትጠይቁት ትንሽ ነገር ነው፦ ልጁ የሚያነበውን ገጽ ከአንድ ቀን በፊት ይወቀው። ማታ ለውሻው ሦስት አራት ጊዜ ያነበዋል፣ ጠዋት ክፍል ውስጥ አዲስ አይሆንበትም። የኛ ልጅ መጀመሪያ አንዲት አንቀጽ ብቻ ነበረች የደረሰችው። ሲመለስ እንዴት እንደነበር አልጠየቅኩትም። ቦርሳውን አስቀምጦ ቀጥታ ወደ ቡቺ ሄደና ጆሮዋ ሥር አንድ ነገር አላት። ምን እንዳላት እስካሁን አላውቅም።

ልጁ ያለ ውሻ ማንበብ ሲጀምር «አየህ፣ አሁን አታስፈልግህም» አትበሉት። ምንጣፉ ይኑር። ሲከፋው፣ ፈተና ሲደርስ፣ ትምህርት ቤት ሲቀይር ተመልሶ ይዘረጋዋል።

ልጄ ዘንድሮ አራተኛ ክፍል ነው። እህቱ ፊደል ለይታ ቃል መገጣጠም ጀምራለች። ባለፈው እሁድ ምንጣፉን እሱ ዘረጋላት። ቡቺ መጥታ ተኛች። «ከጎኗ ተቀመጪ፣ ፊት ለፊቷ አይደለም» አላት። እሷ መጽሐፉን ገልጣ ወደኔ ቀና ብላ ስታይ «እማዬን ተያት፣ ለቡቺ ነው» አላት።